በታጣፊው ወንበር ላይ እጅ አይዘረጋም

ባለፈው ክረምት ልጄን ልጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ሰው ስፈትሽ የኖርሁበት የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እኔው ተፈታሽ ሆኜ ቆምሁ። ጓንት ያጠለቀች ቆንጆ ልጅ ትከሻዬንና ወገቤን ዳበስ ዳበስ አደረገችና "ይለፉ እማማ" አለችኝ። መቀነቴን አልነካችውም፤ ሻሼንም አላየችውም። እግሬ አልሄድም አለኝ።

"ልጄ፣ እንዲህ በቀላሉ ያሳለፍሽኝ አሮጊት ስለሆንሁ ነው?" አልኋት።

"እርስዎ ደግሞ ምን ይይዛሉ ብዬ ነው እማማ" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። መቀነቴን ራሴ ፈትቼ በእጇ እንድትዳብሰው አደረግሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ ያጉረምርም። "እሱ ምን ይይዛል" የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገን እነሱ አያውቁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጆቼ "ጻፊው" እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ኖረዋል። ያን ቀን አውሮፕላኑ ከመሬት ተነሥቶ ሐይቁ ከታች ሲታየኝ፣ እንግዲህ ልጻፈው ብዬ ቆረጥሁ።

ዘይነባ እባላለሁ። የተወለድሁት ጣና ዳር ነው። አባቴ የደንገል ታንኳ ሠሪ ነበር። ወንድሞቼ ዓሣ አጥማጆች ሆኑ፤ ታላቁ ብቻ ሐይቁን ተሻግሮ ደልጊ አገባና ገበሬ ሆኖ ቀረ። እኔ ትንሽ ተምሬ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ ስፈልግ ደርግ መጣ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን መጥለፍ የሚሉት ነገር በአገሩ ተሰማና ተሳፋሪ ሁሉ ይፈተሽ ተባለ። ወንዱን የሚፈትሽ ወንድ ሞልቷል። ሴቷን ማን ይንካት? የከተማው ሴት የሰው ገላ መበርበር ነውር ነው እያለች ሸሸች። እናቴም ስትሰማ "የሰው መቀነት እንድትፈቺ ነው ያስተማርንሽ?" ብላ አኮረፈችኝ። ደመወዙ ዛሬ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ቢሆንም የመንግሥት ሥራ ነውና ገባሁበት።

የዚያን ጊዜው ማረፊያ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ አዳራሽ፣ አንድ የዕቃ ሚዛንና በመጋረጃ የተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ክፍል የእኔ ግዛት ነበረች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለሁለት ሞተር አሮጌ ዳኮታ ሊያርፍ ሲል ዘበኞቹ ከመንደርደሪያው ላይ ከብት ያባርራሉ። አውሮፕላኑ አቧራውን አልብሶን ይቆማል፤ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

አለቃችን ሃምሳ አለቃ ይሁኔ ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ዱላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ደቅ ደሴት ላይ ዳዊት ደግመዋል፤ ኋላ ፖሊስ ሆነው ብዙ አገር ዞረዋል። ያስተማሯቸውን መሪጌታ ስም ሲጠሩ ከተቀመጡበት ብድግ ይሉ ነበር። ለእኛ ግን ቁጡ ናቸው። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር አዳራሹ መሃል ይቆሙና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "ፈትሹኝ!" ይላሉ። አለቃን መፈተሽ ያሳፍራል። የሚፈልጉትም ያንን እፍረት እንድንገድለው ነው። አንድ ቀን ወንዱ ፈታሽ ዳብሶ ካሳለፋቸው በኋላ ባርኔጣቸውን አወለቁና ከሽፋኑ ውስጥ የጥይት ቀለህ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "አየህ? አለቃዬ ነው ብለህ ራሴን አልነካህም። በአክብሮትህ ገደልኸን!" አሉት። ልጁ ከዚያ ወዲያ የማንንም ኮፍያ ሳያወልቅ አሳልፎ አያውቅም።

እኔን ደግሞ ፍተሻ በእጅ እንጂ በዓይን እንዳልሆነ አስተማሩኝ። ይኼ ለእኔ አዲስ አልነበረም። አባቴ ደንገሉን ሲያስር ውኃ የጠጣውን ከደረቁ የሚለየው ጨበጥ አድርጎ ነው። እኔም የመቀነት ጫፍ፣ የሹሩባ ሥር፣ የአንቀልባ ስፌት በዚያው በአባቴ አጨባበጥ ስጨብጥ ከባዱና ቀላሉ ይነግረኝ ጀመር። እየፈተሽሁ አወራለሁ። "ልጅሽ ስንተኛው ነው? መንገዱ እንዴት ነበር?" እላለሁ። ሴት ስታወራ ገላዋ ይፈታል፤ የደበቀችው ነገር ካለ ግን ወሬው መሃል ላይ ይቆማል። በዚህ መንገድ ካገኘሁት ሁሉ የበዛው ቅቤ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ እንዳይቀልጥባት ጡቷ ሥር ይዛው የመጣች ሴት አጋጥማኛለች። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። በዳኮታው አፍንጫ ውስጥ፣ ካፒቴኑና ረዳቱ ከሚቀመጡበት ኋላ፣ በሩ ደፍ ላይ አንዲት ታጣፊ ወንበር ነበረች። ተሳፋሪ አይቀመጥባትም። ሥራ ላይ ያልሆነ አብራሪ ቦታ ሲያጣ በካፒቴኑ ፈቃድ ይቀመጥባታል፤ ይህ የአብራሪዎች የእርስ በርስ ወግ ነው። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር የአየር መንገዱ ብቻ ሳይሆን የተባይ መድኃኒት መርጫ፣ የቅየሳና የድርጅት ትናንሽ አውሮፕላኖችም ያድሩ ነበር። አብራሪዎቻቸው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት በዚያች ወንበር ነው። አንድ የአውራጃ ባለሥልጣን "ሐይቁን ከፊት ሆኜ ልየው" ብሎ ወንበሯን ሲጠይቅ ሃምሳ አለቃ "ጓድ፣ እዚያ የሚቀመጠው የሙያው ሰው ብቻ ነው። እኔም እስካሁን ሐይቁን ያየሁት ከዳር ሆኜ ነው" ብለው መለሱት። 

አብራሪዎቹን መፈተሽ ግን ቀላል አልነበረም። አንዱ የድርጅት አውሮፕላን ካፒቴን ተቆጥቶ "እኔ አውሮፕላኑን ራሱን ይዤ መጥፋት እችላለሁ፤ በኪሴ ምን እንድይዝ ነው የምትበረብሩኝ?" አለ። ሃምሳ አለቃ "እሱን እኮ ነው የምንፈራው!" አሉና ዱላቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። "መጀመሪያ እርስዎ እኔን ይፈትሹኝ።" ሰውየው ግራ ገብቶት ፈተሻቸው፤ ከዚያ ሳቀና እጁን ዘረጋ። ከዚያ በኋላ አብራሪ ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ሳይጠየቅ ይዘረጋል።

እንዲህ ያሉት ሃምሳ አለቃ ናቸው አንድ ቀን የተሳሳቱት።

መሪጌታ ፈንታ ከደቅ በጀልባ ተሻግረው መጡ። ሃምሳ አለቃን ዳዊት ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። አብሯቸው እንዳለ የሚባል የእህታቸው ልጅ ነበር፤ ወርቃማ ጥብጣብ ያለበት ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሷል፣ የአብራሪ ኮፍያ አድርጓል። አውሮፕላኑ ሞልቶ ስለነበር እንዳለ ታጣፊውን ወንበር ጠየቀ። መታወቂያህስ ቢባል ደሴት ረሳሁት አለ። ሃምሳ አለቃ ማመንታት ሲጀምሩ መሪጌታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀረቡ።

"የእህቴ ልጅ ነው። አውሮፕላን ነጂ ነው። እኔ ዋሱ ነኝ" አሉ።

በእኛ አገር ዋስ ከቆመ ነገር አለቀ። ያውም መሪጌታ ዋስ ሆነው! ወንዱ ፈታሽ እጁን ወደ ልጁ ኪስ ሲሰድ ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን አነሡ። "ተወው። የመሪጌታ ልጅ ምን ይይዛል?" አሉት። የዳኮታው ካፒቴን ከደረጃው ላይ ሆኖ "ታውቁታላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ሃምሳ አለቃም "በሃይማኖቴ!" ብለው መለሱ።

እውነትም ኪሱ ባዶ ነበር። እንዳለ አብራሪ ለመሆን ገብቶ ገና ከጅምሩ ከትምህርት ቤቱ የተመለሰ ልጅ ነው። ያን ለእናቱና ለአጎቱ መናገር አፍሮ ኮትና ኮፍያ አሰፍቶ ይኖር ነበር። መሪጌታም የመሰከሩት ከልባቸው አምነው ነው። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሐይቁን ሲያቋርጥ ደመና ውስጥ ገብቶ ቁልቁል ዝቅ አለ። አብራሪዎቹ ይህን በየዕለቱ የሚያዩት ነው። እንዳለ ግን ክፉኛ ደነገጠና ያገኘውን ጨበጠ። ያገኘውም በሁለቱ አብራሪዎች መሃል ያሉትን የሞተር ጉልበት መስጫ ዘንጎች ነበር። አንዱን ሳብ ሲያደርገው አውሮፕላኑ በአንድ ጎኑ ወደቀ።

እኛ ከታች የሰማነው የድምፁን መለወጥ ነው። መሪጌታ አጥሩን ይዘው፣ የእህታቸውን ልጅ ይዞ የሚበረውን አውሮፕላን በመቋሚያቸው ለሕዝቡ እያሳዩ ነበር። ዳኮታው ዞሮ ተመለሰ። አስተናጋጇ ክንዷ ተሰብሮ፣ አንዲት እናት ግንባራቸው ተተርትሮ፣ ሕጻናት እየጮኹ ወረዱ። በመጨረሻ እንዳለ እጁ ታስሮ፣ ኮፍያ የሌለው ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ። ካፒቴኑ ወደ ሃምሳ አለቃ ሄደና "ሃይማኖትዎ ይኼ ነው?" አላቸው።

መሪጌታ እየተጎተቱ ወደ ሃምሳ አለቃ መጥተው "ልጄ፣ የማላውቀውን መስክሬ አጠፋሁህ" አሉ።

"እርስዎማ የወደዱትን ልጅ ነው የመሰከሩለት። መፈተሽ የነበረብኝ እኔ ነኝ" አሏቸው ሃምሳ አለቃ። መሪጌታ ጀልባ ተሳፍረው ወደ ደሴታቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ባሕር ዳርን አልረገጡም።

ሃምሳ አለቃ ታስረው፣ ተመርምረው ተለቀቁ፤ ከሹመታቸው ግን ወረዱ። የዕቃ ሚዛን ላይ ተመደቡና አውሮፕላን አጠገብ እንዳይደርሱ ተከለከሉ። ታጣፊዋ ወንበርም አስተማማኝ ማረጋገጫ እስኪገኝ ድረስ ከባሕር ዳር ማንም እንዳይሳፈርባት ታዘዘ። ባሕር ዳር የሚያድሩ አብራሪዎች ከዚያ በኋላ በጭነት መኪና ላይ እየተንገላቱ ይመለሱ ጀመር። ሰው ሲጠፋ የፈረቃ ኃላፊነቱ ለእኔ ደረሰኝ።

የሚዛኑ ዘመን ነው የሃምሳ አለቃን ትልቅነት ያሳየኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በምሬት ይደርቅ ነበር። እሳቸው ግን ዕቃ እየመዘኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ያብሰለስሉ ነበር፤ ልጁ ለምን ጨበጠ? "ዘይነባ፣ ፍተሻ ለጠላት አይደለም። ጠላትንማ ማን አምኖት! ፍተሻ ለወዳጅ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "የልጁ ኪስ ባዶ ነበር። እጁን ነው ያልፈተሽነው።"

ሚዛኑ ጋ የሚመጣውን አብራሪ ሁሉ ይጠይቁ ጀመር። "ልጠይቅዎ ካፒቴን፣ በሌላ ሰው አውሮፕላን እንግዳ ሆነው ተቀምጠው ቢደነግጡ እጅዎን የት ያደርጋሉ?" አብራሪው ይገረማል፤ ከዚያ ሳያስበው ሁለት ክንዱን አጥፎ መዳፎቹን ብብቱ ሥር ይወትፋል። ሽማግሌውም ወጣቱም፣ የትልቁም የትንሹም አውሮፕላን አብራሪ እንዲሁ። በሌላ ሰው መሪ ላይ እጅ አይዘረጋም፤ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደማቸው ውስጥ የሚገባ ሥርዓት ነው። ሃምሳ አለቃም "እንግዲያው ሰውየውን መሬት ላይ በቆመ አውሮፕላን አስቀምጦ፣ ሳያስበው ሆዱን ከሥር በዱላ ማስደንገጥ ነው" አሉኝ። "የማንን ሆድ?" ብዬ ጮህሁ። "የአውሮፕላኑን እንጂ!" ብለው ሳቁ። ከታሰሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ግን ማን ይፍቀድላቸው? ሐሳቡ ሳይሞከር ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደምቢያ በኩል ማሽላው ሊደርስ ሲል ግሪሳ ወፍ ገባ። ወንድሜ ከደልጊ በጀልባ ሰው ልኮ "ጀምበሯን ጋረዷት፤ ማማ ላይ ሆነን በወንጭፍ ብንል በጅራፍ ብንል አልቻልንም። ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆዩ የምናጭደው አገዳ ብቻ ነው" አለኝ። ወፎቹ የሚያድሩበትን የግራር ጫካ የሚረጭ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ከእኛ ማረፊያ ዳር ቆሟል። አብራሪው ካፒቴን ኃይሉ ይባላል። ሞተሩ ግን ተበላሽቷል። መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ ግምጃ ቤት ነው፤ ያለ ካፒቴኑ ፊርማ አይወጣም። የዕለቱ ዳኮታ በቁስለኛ ወታደሮች ሞልቷል፤ ከቁስለኛ ላይ ወንበር አይነጠቅም። በመኪና ሄዶ እስኪመለስ ደግሞ ወፎቹ በልተው ይጨርሳሉ። የቀረው ታጣፊዋ ወንበር ብቻ ናት።

የጥበቃ ኃላፊያችን ጓድ ታምሩ የሚባል ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ካድሬ ነበር። ቁመናው እንደ ችንካር፣ ነገሩ ቁርጥ ያለ። ካፒቴን ኃይሉ ሲለምነው ቆይቶ ላብ አጥምቆት፣ ምናልባት ይፈቀድ ይሆናል ብሎ ወደ መፈተሻው ሲገባ፣ እኔ ወደ ጓድ ታምሩ ሄድሁ።

"ጓድ፣ የሕዝብ እህል ነው" አልሁት።

"አውቃለሁ። ግን ወንበሩ ተከልክሏል። ያ ልጅም ኮፍያና ኮት ነበረው፤ ወረቀት ደግሞ ማንም ያገኛል። አስተማማኝ ማረጋገጫ እስኪገኝ ድረስ ነው የተባለው።"

"ተገኝቷል።"

ነገሩ አንድም ጊዜ አልተሞከረም፤ ካልሠራ የእኔም የሃምሳ አለቃም ነገር ያከትማል።

"ማን ዘንድ ነው የተገኘው?"

"ሚዛኑ ዘንድ" አልሁ።

ሃምሳ አለቃ ተጠሩ። አውሮፕላን አጠገብ መድረስ መከልከላቸውን ሲያስታውሱት ጓድ ታምሩ "አሁን የምጠራዎት እኔ ነኝ" አላቸው። ስለ እጁ ነገር በአጭሩ አስረዱት። እሱም ፈገግ አለ።

"እጅ መሰብሰብ ምን ችግር አለው? እኔም እችላለሁ።"

"እንግዲያው ይሞክሩታ ጓድ" አሉ ሃምሳ አለቃ በትሕትና።

"መጀመሪያ ግን ይፈተሹ" አልሁ እኔ። አፌ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ጓድ ታምሩ አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ወንዱ ፈታሽ ኮፍያውን ሳይቀር አወለቀለት።

ካፒቴን ኃይሉ ምንም ሳይሰማ አዳራሹ ውስጥ ቀረ፤ ወንዱ ፈታሽም እሱን ለመፈተሽ ተመለሰ። እኛ ወደ ዳኮታው ሄድን። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁስለኞቹ ገና አልገቡም። ጓድ ታምሩ ታጣፊዋ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የዳኮታው ካፒቴን ቦታው ላይ ሆነ፣ እኔ ከበሩ ኋላ ቆምሁ፤ ሃምሳ አለቃ ዱላቸውን ይዘው ከሥር ቀሩ። ጓድ ታምሩ ክንዱን አጥፎ ጠበቀ። ምንም የለም። ጠበቀ። ምንም የለም። ካፒቴኑ ስለ መሣሪያዎቹ ያጫውተው ጀመር፤ ይሄ ከፍታ ነው፣ ይሄ ፍጥነት ነው እያለ። ጓድ ታምሩ ክንዱን ፈትቶ ጠጋ ብሎ ማየት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ከሥራችን "ጓ!" የሚል ድምፅ ቆርቆሮውን አናወጠው።

ጓድ ታምሩ ሁለቱንም ዘንጎች በሁለት እጁ ጨብጦ ተገኘ።

እሱ የጨበጠውን አየ፤ ካፒቴኑን አየ፤ እኔን አየ። እኔ ወህኒ ቤቱ ታየኝ። ከዚያ ያ ቁርጥ ያለ ሰው በሳቅ ፈነዳ! "ገደልኳችሁ በሉኛ!" እያለ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቀ። "በሉ ሰውየውን አምጡት።"

ካፒቴን ኃይሉ መጥቶ ተቀመጠ። ወገቡን ሳያይ ታጠቀ፣ እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ከዳኮታው ካፒቴን ጋር ስለ ግሪሳው ማውራት ጀመረ። ሃምሳ አለቃ ከሥር መቱ። የካፒቴን ኃይሉ ሁለት መዳፍ ብብቱ ሥር ገባ። ዓይኑ ብቻ በመሣሪያዎቹ ላይ እየሮጠ "ምንድነው? ምን መታን?" አለ።

ጓድ ታምሩ ግን አልረካም። ምልክት እንዳይሰጣጡ ፈርቶ መሰለኝ፣ ራሱ ወረደና ዱላውን ከሃምሳ አለቃ ተቀብሎ እሱ በወደደው ሰዓት መታ። አሁንም እጅ ብብት ሥር። ቆይቶ እንደገና ቢመታ ካፒቴን ኃይሉ ክንዱን እንዳጠፈ ወደ መስኮቱ አንገቱን አሰገገ።

"ኧረ ጎበዝ፣ የማንን አውሮፕላን ነው የምታፈርሱት?"

"ይሂድ" አለ ጓድ ታምሩ ዱላውን ለባለቤቱ እየመለሰ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። "ካልተመለሰ ሦስታችንም ወህኒ ነን። እኔንም ጨምሮ። ያልኩት ገብቷችኋል?"

"ገብቶናል" አልን። በዚያ ዘመን አውሮፕላን አብራሪ ከአገር መጥፋቱ ይወራ ስለነበር ቀልድ አልነበረም።

እስከሚቀጥለው በረራ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍሁ እኔ አውቃለሁ። ወንድሜ ሌላ መልእክት ላከ፤ ወፎቹ ከእሱ ማሳ አጠገብ ደርሰዋል። ሃምሳ አለቃ ግን ዕቃቸውን ይመዝናሉ። "እጁ እንዲህ የታረመ ሰው ቃሉን አይበላም" ይሉኛል። የበረራው ቀን ዳኮታው አርፎ በሩ ተከፈተ። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ወረደ፤ ደረጃው ባዶ ሆነ። ቆይቶ ካፒቴን ኃይሉ ከዳኮታው አፍንጫ በኩል ብቅ አለ፤ መለዋወጫውን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት ክንዱ እንደ ሕጻን ታቅፎታል። ጓድ ታምሩ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ "እፎይ!" ሲል እስከ ሚዛኑ ድረስ ተሰማ። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እልል አልሁ። አላፈርሁም፤ ዛሬም አላፍርም።

መካኒኩ ሌት ተቀን ሠራ። በማግስቱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያቺ ትንሽ አውሮፕላን ተነሥታ ሐይቁን ወደ ደልጊ ተሻገረች። ከሁለት ምሽት ርጭት በኋላ ወንድሜ ራሱ መጣ። "ጠዋት ወንጭፋችንን ይዘን ማማ ላይ ወጣን፤ የምንወረውርበት አጣን" አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ትልቁ ሰውዬ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር። በዚያ ዓመት ደልጊ ማሽላ ታጨደ።

ወንበሯም ተከፈተች። የሃምሳ አለቃ ፈተና የባሕር ዳር ሥርዓት ሆነ፤ አዲስ የመጣ አብራሪ ሁሉ ኪሱ ተፈትሾ፣ እጁ ተፈትሾ ነበር የሚሳፈረው። አልፎ አልፎ ከሌላ ማረፊያ ሰው እየተላከ አይቶ ይሄድ ነበር። እኔ በሌላም ቦታ ሠርቻለሁ፣ ማሽን ሲመጣም ማሽኑን ተምሬያለሁ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ግን ከባሕር ዳር በዚያች ወንበር የሄደ አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም። ይህን ስጽፍ ደረቴ ይነፋል፤ ይንፋ፣ ሠርተንበታል።

ከርጭቱ በኋላ በነበረው ሳምንት ጓድ ታምሩ ሚዛኑ ዘንድ መጣ። ሃምሳ አለቃ የአንዲት ነጋዴ ቅርጫት እየመዘኑ ነበር።

"ሃምሳ አለቃ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ ቦታዎ ይመለሱ። እኔ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ" አላቸው።

እሳቸው መጀመሪያ ቅርጫቱን አውርደው ለሴትዮዋ መለሱላት። ከዚያ ቀና አሉ።

"ነገ አይሆንም ጓድ። ነገ ደቅ እሻገራለሁ። መሪጌታ ይህን ከእኔ አፍ ሳይሰሙ ወደ ቦታዬ አልመለስም።"

ትእዛዝ ሲመለስበት የማይወደው ጓድ ታምሩ "እሺ፣ ከነገ ወዲያ" አለ።

በማግስቱ ጠዋት እስከ ወደቡ ሸኘኋቸው። በተባለው ቀን ሥራ ስንገባ ሃምሳ አለቃ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አዳራሹ ውስጥ ቆመው አገኘናቸው። ዓይናቸው አብጧል።

"መሪጌታ ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ምንም። ስነግራቸው ብዙ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ምሳ በላን" አሉኝ።